የደም ፍሰት ሲቋረጥ ኩላሊትን የሚታደገው ምንድን ነው?
ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ የጥናት ጽሑፍ



ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት የሚነበቡ የእርዳታ ደብዳቤዎች ለማናችንም እንግዳ አይደሉም። «በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያስፈልገዋል፤ ቤተሰቡ ያለውን ሁሉ ሸጦ ጨርሷል፤ እጃችሁን ዘርጉለት» የሚለው ልመና ሲሰማ ምእመናን ዘንቢሉን አያሳልፉም፤ አቅማቸው የፈቀደውን ይሰጣሉ። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ብዙዎቹ ለዓመታት በቆየ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም የተጎዱ ናቸው። ጥቂቶቹ ግን ሕመሙ በአንድ ሳምንት ውስጥ የጀመረባቸው፣ በጊዜ ቢደረስላቸው ኖሮ ኩላሊታቸው ሊተርፍ ይችል የነበረ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ስለ እነዚህኞቹ ነው።

ጽሑፉን እንድናዘጋጅ ያስገደደን የራሳችን ስሕተት ነው። ባለፈው ዓመት ለሰበካ ጉባኤ አባላት በሰጠነው አንድ የጤና ሥልጠና ላይ እርድና ጥቁር አዝሙድ ኩላሊትን ከጉዳት እንደሚጠብቁ በጥናት መታየቱን ተናግረን ነበር። ከወራት በኋላ ለክትትል ወደዚያው አጥቢያ በተመለስን ጊዜ አንድ አረጋዊ ቄስ ለብቻችን ጠርተው አነጋገሩን። በክረምቱ ወራት አንድ የአጥቢያው ምእመን ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ይዞት ነበር። ቤተሰቡ ከእኛ የሰማውን አስታውሶ እርድና ጥቁር አዝሙድ አፍልቶ በሲኒ እያጠጣ ሁለት ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን ሽንቱ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከዚያም ወደ ሆስፒታል ተላከ። ለሳምንታት እጥበት ተደርጎለት በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ፤ በሬዎቹ ግን ተሸጡ። አባታችን ይህን ከነገሩን በኋላ «ልጆቼ፣ ያስተማራችሁን ሐሰት ነው ወይስ እኛ ነን ያልገባን?» ብለው ጠየቁን።

የተናገርነው ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ግማሽ ነበር። ለሕይወት በሚያሰጋ ነገር ላይ ደግሞ ግማሹን ተናግሮ መሄድ ከስሕተት አይተናነስም። በዚህ ጽሑፍ የቀረውን ግማሽ እንሞላለን።

1. ኩላሊትና የደም ድርሻው

ቅዱሳት መጻሕፍት ኩላሊትን ከልብ ጋር አጣምረው የሰው ውስጣዊ ማንነት መገኛ አድርገው ያነሡታል፤ በግእዙ መዝሙረ ዳዊት «ኵልያት» የሚለውን ቃል የምናገኘው በዚህ ምሥጢር ነው። በሥጋም ረገድ ሁለቱ እጅግ የተሳሰሩ ናቸው። ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን ልብ በየደቂቃው ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ የሚሆነውን፣ ማለትም በደቂቃ 1 ሊትር ገደማ ይቀበላሉ።

በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ 1 ሚሊዮን የሚደርሱ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እነዚህ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን ውኃና ጨው ወደ ደም የሚመልሱት ከማጣሪያዎቹ ጋር የተያያዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ይህ የመመለስ ሥራ ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ ኃይሉም ያለ ኦክስጅን አይገኝም። ከቱቦዎቹ መካከል ወደ ኩላሊቱ ጥልቅ ክፍል የሚወርዱት በደኅናው ቀን እንኳ የሚደርሳቸው ኦክስጅን ለጥቂት የሚበቃ ነው። ስለዚህ የደም ፍሰት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው።

የደም ፍሰቱ በሁለት መንገድ ይታጎላል። አንደኛው ሙሉ በሙሉ መቋረጥ ነው፤ ይህ በከባድ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የደም ቧንቧ ሲታሰር ወይም በንቅለ ተከላ ጊዜ ኩላሊት ከአንዱ ሰው ወጥቶ ወደ ሌላው እስኪገባ ድረስ የሚሆን ነው። ሁለተኛውና በየመንደራችን የሚያጋጥመው ደግሞ የፍሰቱ መመናመን ነው። በወሊድ ጊዜ የሚፈስ ብዙ ደም፣ ብርቱ ተቅማጥና ትውከት፣ ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን፣ ከባድ ወባ፣ ሰፊ ቃጠሎ፣ ይህን ሁሉ ያመጣሉ። አተት ብለን የምንጠራው የኮሌራ ሕመም ሲበረታ ከአንድ ጎልማሳ ሰውነት በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያወጣ ይችላል። ሰውነት ደም ሲያጥረው ያለችውን ለአንጎልና ለልብ ያደርሳል፤ የኩላሊትንም ድርሻ ይቀንሳል። ኩላሊት በዚያን ጊዜ ለሌሎች ሲል ይራባል ማለት ነው።

2. ሁለቱ ጉዳቶች፤ ሲቋረጥና ሲመለስ

ብዙ ሰው ጉዳቱ ደም በጠፋበት ሰዓት ብቻ የሚደርስ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሁለት ምዕራፍ አለው።

በመጀመሪያው ምዕራፍ ኦክስጅን ያጣው የቱቦ ሕዋስ ኃይል ያልቅበታል። ሶዲየም የተባለውን ጨው ከውስጡ ወደ ውጭ የሚያወጣበት አሠራር ይቆማል፤ ጨው በውስጡ ይከማቻል፤ ጨውን ተከትሎ ውኃ ይገባል፤ ሕዋሱም ያብጣል። ካልሲየም ያለ ልክ ይገባበታል፤ የኃይል ማመንጫዎቹ የሆኑት ማይቶኮንድሪያዎች ይታወካሉ። ኃይል ከሚሰጠው ንጥረ ነገር የተበታተኑ ቅሪቶችም በውስጡ ይጠራቀማሉ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ደሙ ሲመለስ ነው። የመስኖ ቦይ ተዘግቶበት አፈሩ የተሰነጣጠቀ እርሻን እናስብ። ቦዩ ድንገት ሲከፈት ውኃው እርሻውን ያጠጣዋል፤ ግን ደግሞ የላላውን አፈር ጠራርጎ ይወስዳል። እንዲሁም የተመለሰው ኦክስጅን ከተጠራቀሙት ቅሪቶች ጋር ሲገናኝ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ኃይለኛ ቅንጣቶች በአንድ ጊዜ በብዛት ይፈጠራሉ። እነዚህ የሕዋሱን ሽፋን፣ ፕሮቲኑንና የዘር ቅንጣቱን ይጎዳሉ። ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ስፍራው ተጠርተው ብግነት ያስነሣሉ፤ ጥቃቅን የደም ቧንቧዎችም ይጠባሉ።

ቦዩ ሲከፈት አፈር ይሸረሸራልና ሳይከፈት ይቅር የሚል ገበሬ የለም። የደሙ መመለስ ጉዳት ቢኖረውም አለመመለሱ ሞት ነው። የሳይንቲስቶች ጥያቄ «ደሙ ሲመለስ የሚከተለውን ጉዳት በምን እናብርደው?» የሚል ነው። ዕፅዋት ወደዚህ ታሪክ የገቡት በዚህ በር ነው።

3. በቤተ ሙከራ የታየው

ፍሪ ራዲካልን የሚያበርዱና ብግነትን የሚያስታግሱ ንጥረ ነገሮች በብዙ ዕፅዋት ውስጥ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን፣ በጥቁር አዝሙድ ዘይት ውስጥ ያለው ታይሞኪኖን፣ በወይን ልጣጭ ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል፣ በቀይ ሽንኩርት ውስጥ የሚገኘው ኩዌርሴቲን በብዛት ተጠንተዋል።

ጥናቱ ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በአይጦች ላይ ነው። አይጧ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ ወደ ኩላሊቷ የሚሄደው የደም ቧንቧ በትንሽ መቆንጠጫ ይያዛል፤ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ይለቀቃል። በማግስቱ ደሟ ተመርምሮ ክሬቲኒንና ዩሪያ የተባሉት ኩላሊት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ነገሮች ምን ያህል እንደተከማቹ ይታያል፤ ኩላሊቱም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ከላይ ከጠቀስናቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ አስቀድሞ የተሰጣቸው አይጦች ካልተሰጣቸው ይልቅ ጉዳታቸው ቀለል ብሎ መገኘቱን ብዙ ጥናቶች ዘግበዋል። ንጥረ ነገሮቹ ፍሪ ራዲካልን በቀጥታ ከመያዝ ይልቅ ሕዋሱ የራሱን መከላከያ እንዲያነቃ የሚቀሰቅሱ መሆናቸውም ተስተውሏል።

በሥልጠናችን የተናገርነው ይህን ነበር፤ እዚህ ላይም አቆምን። ስሕተቱ እዚህ ላይ ማቆማችን ነው።

4. በሰው ላይ በተፈተነ ጊዜ

እርድን በተመለከተ በሰው ላይ የተደረገ ትልቅ ፈተና አለ። በካናዳ በ10 ሆስፒታሎች፣ ትልቁ የሆድ ደም ቧንቧ ተለጥጦባቸው ለቀዶ ሕክምና በቀጠሮ የገቡ 606 ሕሙማን ተሳትፈውበታል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ይህ ቀዶ ሕክምና የተመረጠው ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ሊያውክ የሚችል በመሆኑ፣ ሰዓቱም አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው። ሕሙማኑ በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን በ4 ቀናት ውስጥ 8 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 2000 ሚሊ ግራም ኩርኩሚን ዋጠ። ሌላው ወገን በመልኩ የሚመሳሰል ባዶ እንክብል ተሰጠው። ሕመምተኞቹም ሆኑ ሐኪሞቹ ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም ነበር።

ውጤቱ የተጠበቀው አልሆነም። ኩርኩሚን የብግነትና የጉዳት ምልክቶችን አልቀነሰም። ይልቁንም ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው ኩርኩሚን ከወሰዱት ከመቶው 17፣ ካልወሰዱት ግን ከመቶው 10 ሆኖ ተገኘ።

ይህ በወጥ ላይ የምንጨምረውን እርድ የሚያስወግዝ አይደለም። በ100 ግራም የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በአማካይ ወደ 3 ግራም ነው፤ በጥናቱ የተሰጠው መጠን ከምግብ ልክ እጅግ የራቀ ነው። ነገር ግን ይህ ፈተና አንድ ነገር በግልጽ ያስተምረናል፤ አይጥን የጠበቀ ሁሉ ሰውን ይጠብቃል ማለት አይቻልም፤ ሊጎዳም ይችላል።

5. ልዩነቱ ከምን መጣ?

አንደኛ፣ በአይጥ ጥናት መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ደሙ ከመቋረጡ በፊት ነው፤ አጥኚው የሚቆነጥጥበትን ሰዓት ያውቃልና። እናት በወሊድ ላይ ደም የሚፈስሳትን ሰዓት፣ ገበሬው አተት የሚይዘውን ቀን ግን ማንም አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ኩርኩሚን በአፍ ሲወሰድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ነው፤ የገባውንም ጉበት ፈጥኖ ይለውጠዋል። አይጥ ላይ የታየው ውጤት በሰው ላይ እንዳይደገም የሚያደርገው አንዱ ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ የጥናቱ አይጦች ወጣትና ጤነኛ ናቸው፤ ጉዳታቸውም አንድ ብቻ ነው። የእኛ ሕመምተኛ ግን በዕድሜ የገፋ፣ የደም ግፊት ያለበት፣ ኢንፌክሽን የያዘው፣ በመንገድ ላይ የማስታገሻ ክኒን የዋጠ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ በሳይንስ ዓለም የተሳካ ጥናት ካልተሳካው ይልቅ ለኅትመት ይበቃል። «ጥናት አረጋግጧል» የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ «በማን ላይ? መቼ ተሰጥቶ? በምን መጠን?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

6. ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ የማይጎዳ አይደለም

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ስለ ማክበርና መድኃኒትም ከምድር ስለ መገኘቱ ያስተምራል። ይህን ይዘን ዕፅዋትን አንንቅም፤ አበው በየገዳማቱ ያቆዩትን የመድኃኒት ዕውቀትም አናቃልልም። ነገር ግን አበው ራሳቸው ዕፅን ያለ ልክ አልሰጡም። ኮሶን እናስብ። ለትል መድኃኒትነቱ በሀገራችን ለዘመናት የታወቀ ነው፤ ሲበዛ ግን የዓይንን ብርሃን እንደሚጎዳ በሐኪሞች ተመዝግቧል። ደግሞም እንደ ኮሶ ሆድን የሚያጥቡ መድኃኒቶች ሁሉ ከሰውነት ውኃ ያወጣሉ፤ ውኃ ላጣ ሰው ሲሰጡም ኩላሊቱን ይበልጥ ያስርቡታል።

ከውጭም አንድ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቤልጅየም ብራስልስ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ የተቀላቀለበት እንክብል ይሰጥ ነበር። አንዱ ዕፅ በስም ከሚመስለው ከሌላ ዕፅ ጋር ተምታታ፤ በስሕተት የገባው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ የኩላሊት መርዝ ነበረው። ከ100 በላይ ሰዎች በኩላሊት ሕመም ተያዙ፤ ብዙዎቹ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው፤ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ በሽንት መተላለፊያ ካንሰር ታመሙ። በተማረ ሐኪም እጅ፣ በትልቅ ከተማ፣ የአንድ ዕፅ ስም በመምታታቱ የሆነ ነው። በእኛም ሀገር አንዱ ዕፅ በየአውራጃው ልዩ ልዩ ስም አለው፤ ልዩ ልዩ ዕፅም በአንድ ስም ይጠራል።

7. ንጥረ ነገሮቹ ስፍራቸውን ያገኙበት

የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች በዚህ ሕመም ላይ ጥቅም የላቸውም ብለን እንዳንደመድም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ለንቅለ ተከላ የወጣ ኩላሊት ደም አያገኝም፤ በበረዶ ቀዝቅዞ በልዩ ፈሳሽ ይጠበቃል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ዝነኛ ፈሳሽ ራፊኖስ የተባለ በቀይ ሥርና በባቄላ ዓይነት እህሎች የሚገኝ ስኳር፣ ግሉታታዮን የተባለ ሕዋሳችን ራሱ የሚሠራው የፍሪ ራዲካል መከላከያ፣ እንዲሁም ሌሎች ንጥረ ነገሮች አሉት። በዚህ ፈሳሽ የተጠበቀ ኩላሊት ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ በኋላም ተተክሎ ሊሠራ ይችላል። በሀገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል።

እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሠሩት መጠናቸው ተለክቶ፣ ጊዜያቸው ታውቆ፣ በቀጥታ ኩላሊቱን እንዲነኩ ተደርገው ነው። ተፈልቶ በሲኒ ከሚጠጣው ጋር የሚለያያቸው ይህ ነው።

8. በእጃችን ያለው፤ ውኃ፣ ጨውና ስኳር

እንግዲህ አባታችን ወደ ጠየቁን እንመለስ። ያን ምእመን በመጀመሪያው ቀን ሊረዳው ይችል የነበረው ምን ነበር? መልሱ ከእርድ ይልቅ ርካሽና በየቤቱ ያለ ነው። ውኃ፣ ጨውና ስኳር ናቸው።

በተቅማጥ ጊዜ አንጀት ውኃን ብቻውን በሚገባ አይቀበልም። ጨውና ግሉኮስ የተባለው ስኳር አብረው ሲመጡ ግን በአንጀት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ በር ሁለቱን በአንድነት ያስገባል፤ ውኃውም ተከትሎ ይገባል። ይህ በር በኮሌራ ጊዜ እንኳ አይዘጋም። በተለምዶ «ለምለም» የምንለው ኦ.አር.ኤስ. የተሠራው በዚህ ጥበብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው ቅመም አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ውኃ የሚበጠበጥ ሲሆን 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ ይዟል። እነዚህም ሁሉ የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ልዩነቱ በሰው ላይ ተፈትነው የብዙ ሚሊዮን ሕፃናትን ሕይወት ማዳናቸው ነው።

ለምለም የተጎዳውን ሕዋስ አይጠግንም፤ ቦዩ እንዳይደርቅ ያደርጋል እንጂ። ከጉዳት በኋላ ከሚደረግ ጥገና ሁሉ ይህ ይበልጣል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። አንዱን ፓኬት በሙሉ በ1 ሊትር ንጹሕ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ መበጥበጥ፤ ውኃውን አለማሳነስ፣ አለማብዛትም፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየውን መድፋት። ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ሰው የፈለገውን ያህል መስጠት። የሚያስመልስ ከሆነ 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል። ፓኬቱ ከታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። የሚጠባ ሕፃን ጡቱን አያቋርጥ።

መጠጣት ላቃተው፣ ራሱን ለሳተ፣ ዓይኑ ለጎደጎደ ወይም ሽንቱ ለቀነሰ ሰው ግን ለምለም ብቻ አይበቃውም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ስለሚያስፈልገው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። አስቀድሞ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው ደግሞ የሚጠጣውን መጠን ሐኪሙ ይወስንለት።

9. የሰበካ ጉባኤና የካህናት ድርሻ

ሀ. የንስሐ አባቶች ሕመምተኛ ሲጎበኙ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ እናሳስባለን፤ «ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ወጥቶልሃል? መልኩስ እንዴት ነው?» አንድ ጎልማሳ 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይሸና ከቆየ ወይም የሚወጣው ጥቂትና የጠቆረ ከሆነ ኩላሊት እየተራበ እንደሆነ ያመለክታል። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው በጾም ወራት «ጾሜን እንዳልገድፍ» ብሎ ከመጠጣት እንዳይከለከል ከንስሐ አባቱ የሚሰማው አንድ የፈቃድ ቃል ሕይወቱን ሊያድን ይችላል።

ለ. የማስታገሻ ክኒኖችን በሚመለከት ምእመናንን እናስጠንቅቅ። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የተባሉት ኩላሊት ደም ሲያጥረው የራሱን የደም መግቢያ የሚያሰፋበትን መንገድ ይዘጉበታል። በተቅማጥ፣ በትውከት ወይም በደም መፍሰስ ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱ።

ሐ. ወሊድን በሚመለከት እያንዳንዱ አጥቢያ ነፍሰ ጡር እናቶችን የሚያደርስበትን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጅ። የአምቡላንስ ስልክ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይለጠፍ፤ መኪና በማይገባበት ቦታ ቃሬዛና ተሸካሚ ወጣቶች ይመደቡ፤ ደም ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑ ምእመናን ይመዝገቡ። ከወሊድ በኋላ ደም ማቆም ካልቻለ ማደር የለም።

መ. በንግሥ በዓላትና በጸበል ስፍራዎች ብዙ ሕዝብ ይሰበሰባል። ንጹሕ የመጠጥ ውኃ፣ መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ከበዓሉ ቀን በፊት ይሰናዱ። መጸዳጃው ከጸበሉ ምንጭ በታችና ርቆ ይሁን። የለምለም ፓኬቶችና 1 ሊትር የሚለካ ዕቃ በዕቃ ቤቱ ይቀመጡ፤ የሚያበቁበትን ቀን የሚመለከት ሰው ይመደብ።

ሠ. ዕፅ የጠጣን ሕመምተኛ አንውቀሰው። የተወቀሰ ሰው ይሸሽጋል፤ የተሸሸገም ነገር ሐኪሙን ያሳስታል። «ምን ጠጣህ? መቼ? ምን ያህል?» ብለን በፍቅር እንጠይቀው፤ ከተገኘም ቅጠሉን ወይም ሥሩን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የአካባቢውን የባህል ሐኪሞችም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር አብረን እናወያያቸው።

ረ. ተስፋን እናስተምር። በደም መቋረጥ የተጎዳ የኩላሊት ቱቦ ሕዋሱን እንደገና ሊተካ ይችላል። ሕመምተኛው በጊዜ ከደረሰ ለቀናት ወይም ለሳምንታት የሚደረግ እጥበት አሳልፎት ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። የአጥቢያው እርዳታ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ቢደርስ ከዓመታት ልመና ሊያድን ይችላል። የዳነውም ሰው በየጊዜው እየተመለሰ እንዲመረመር እናስታውሰው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምንድን ነው? ለምለም በቅርብ የሚገኘው የት ነው?
2. «ተፈጥሯዊ ነው» እና «ጥናት አረጋግጧል» የሚሉትን ቃላት ከማን እንሰማለን? ስንሰማ የምንጠይቃቸው ሦስት ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?
3. ባለፈው ዓመት ከአጥቢያችን በወሊድ ጊዜ ደም የፈሰሳት እናት ጤና ጣቢያ ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ ወሰደባት? ያዘገያትስ ምን ነበር?
4. በሚቀጥለው የንግሥ በዓል ስለ ውኃና መጸዳጃ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው?

ማጠቃለያ

ለእኒያ አረጋዊ አባት የመለስነውን ለእናንተም እንደግመዋለን። አባታችን፣ ያስተማርነው በአይጥ ላይ እውነት ነበር፤ ለሰው ግን ገና አልተረጋገጠም፤ በአንድ ትልቅ ፈተናም ተቃራኒው ታይቷል። እርዱ በወጡ ውስጥ ይቆይ፤ ጥቁር አዝሙዱም በዳቦው ላይ። ሕመምተኛው ግን ለምለሙን ይጠጣ፤ ወደ ጤና ጣቢያም ፈጥኖ ይሂድ። እርሳቸውም ይህን ሰምተው «እንግዲያው ያንኑ ያህል ሰው ሰብስባችሁ ይህንንም ተናገሩ» አሉን። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ዐውደ ምሕረት ቆመን ተናገርን፤ ዛሬም በዚህ ጽሑፍ ለሁላችሁም ተናገርን። በየአጥቢያችሁ ለምትሰበስቡት ጉባኤ ታደርሱልን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።